ዶሮዎቹን የገደለው ሙቀት ነው ወይስ ፈንግል?

ጠዋት ደኅና የነበረች እንቁላል ጣይ ዶሮ፣ ከሥራ ስትመለሱ ሞታ ማግኘት እጅግ ያሳዝናል። ወሩ ሚያዝያ ከሆነ ብዙዎቻችን «ሙቀቱ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን ፋሲካም የሚውለው በዚሁ ወራት ስለሆነ፣ ከገበያ የመጣ ዶሮ ፈንግል ይዞ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ዶሮ አያልባትም፤ የምትቀዘቅዘው አፏን ከፍታ በማለክለክና ክንፏን በመዘርጋት ነው። ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ከቀትር በኋላ ሲሆን፣ ቀድመው የሚሞቱትም የወፈሩት ናቸው። አየሩ ሲበርድ ሞቱ ይቆማል። ፈንግል ግን ሌሊትም ይገድላል፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይተላለፋል፤ አረንጓዴ ተቅማጥ ያስከትላል፤ አንገት ያጣምማል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ሆኖም አስቀድሞ የሚሰጠው ክትባት እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የቤቱን ቆርቆሮ በሣር ሸፍኑ፤ ነፋስ የሚገባበት ክፍተት ተዉለት። ንጹሕ ውሃ በጥላ ሥር አይጥፋ። መኖውን ማለዳና አመሻሽ ላይ ስጡ። ከገበያ የመጣውን ዶሮ ከቤቶቹ ጋር አትቀላቅሉ።

ሞቱ ካልቆመ የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። የሞተችውን በባዶ እጅ ሳትነኩ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ። የታመመችውን «ሳትሞት ትታረድ» ማለት ወይም ለሌላ እናት መሸጥ ግን ጉዳቱን ወደ ራስና ወደ ጎረቤት ጓዳ ማስገባት ነው።