የሚረግበው ሽቦና የፊዚክስ ትምህርታችን

ከከተማ ወጣ ስንል በብረት ማማዎች መካከል ደገን ሠርቶ የተንጠለጠለውን ወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ሁላችንም እናየዋለን። ቀትር ላይ ከንጋቱ ይልቅ ወደ መሬት እንደሚቀርብ ግን ስንቶቻችን አስተውለናል? ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ በዚያ ሽቦ ሥር እየተመላለሰ ቢማርም፣ ነገሩን ከቁም ነገር የቆጠረው ለዶክትሬት ትምህርት ባሕር ማዶ ከሄደ በኋላ ነው።

ስሌቱ ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አይርቅም። በ400 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ማማዎች መካከል የተዘረጋና መሐሉ ላይ 12 ሜትር የረገበ ሽቦ እንውሰድ። የሚሸከመው ፍሰትና ፀሐይ ሙቀቱን በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምሩት፣ የብረት እምብርት ያለው የአሉሚኒየም ሽቦ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህች ምን አላት ትሉ ይሆናል። ርግበቱ ግን በ1.8 ሜትር ገደማ ይጨምራል! (ሽቦው ሲረግብ ውጥረቱም ስለሚቀንስ በተግባር ከዚህ ጥቂት ያንሳል።)

ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ጨለማ ውስጥ የገባው በኦሃዮ ግዛት ባለ345 ኪሎ ቮልት መስመሮች ተራ በተራ ዛፍ በመንካታቸው ነበር። ከእነርሱ የመጀመሪያው ዛፍ ሲነካ የተሸከመው ኃይል ከተፈቀደለት ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። ዛፎቹ በጊዜው አልተቆረጡም፤ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ የማስጠንቀቂያ ሥርዓትም መሥራት አቁሞ ነበር። ስለዚህ ሴንሰር ሁሉን ይፈታል የሚለውን አልቀበልም። ሴንሰር መጥረቢያን አይተካም፤ መጥረቢያው የትና መቼ እንደሚያስፈልግ ግን ይናገራል።

እንዴት ይናገራል? በቤልጂየም የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያዳበሩት መንገድ በጣም ይማርከኛል። ሽቦው ላይ የሚታሰረው መሣሪያ በነፋስ የሚፈጠረውን ውዝዋዜ ያዳምጣል። ከውዝዋዜዎቹ ሁሉ ዝግተኛው አንድ ዙር ለመጨረስ የሚፈጅበትን ጊዜ በሴኮንድ ለክተን፣ ካሬውን በ0.31 ብናባዛ ርግበቱን በሜትር እናገኛለን። የማማዎቹን ርቀትም ሆነ የሽቦውን ክብደት ማወቅ አያስፈልግም፤ ከስሌቱ ተጣፍተው ይወጣሉ፣ የሚቀረው የስበት ሽምጠጣ ብቻ ነው። በምሳሌያችን ጊዜው 6.3 ሴኮንድ ያህል ነበር፤ ሽቦው ሲሞቅ 6.7 ይሆናል። መሣሪያው ባትሪ እንኳ አይሻም፤ በተለዋዋጭ ፍሰት ዙሪያ ከሚፈጠረው መግነጢሳዊ መስክ ኃይሉን ይቀዳል።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ የጀመረው ከወላይታ ሶዶ እስከ ኬንያ ሱስዋ የተዘረጋው ባለ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ደጋውንም በረሃውንም ያቋርጣል። የሚያስተላልፈው ግን ቀጥተኛ ፍሰት ስለሆነ ከመግነጢሳዊ መስኩ ኃይል የመቅዳቱ ብልሃት እዚያ አይሠራም። ታዲያ መሣሪያው ኃይሉን ከየት ያገኛል? ከፀሐይ? አቧራውንስ ማን ይጠርግለታል? ይህ የእኛ ተማሪዎች ሊመልሱት የሚገባ እውነተኛ የምርምር ጥያቄ ነው።

መሣሪያው ከውጭ ቢገዛ አልቃወምም። የምቃወመው መሣሪያው ከነሙሉ ምስጢሩ ተገጥሞ፣ የእኛ ድርሻ ስክሪን ላይ የሚበራውን ቀይ መብራት መጠበቅ ብቻ ሲሆን ነው። በየዓመቱ ለመመረቂያ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ አያለሁ (የራሴ ተማሪዎች ሥራዎችም አሉበት)። የፊዚክስና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ክፍሎች ተባብረው፣ የመስመሩን ባለቤት አስፈቅደው፣ በሁለት ማማዎች መካከል ያለችን አንዲት ሽቦ ብቻ ለአንድ ዓመት ቢለኩ ወጪው ከአንድ የላቦራቶሪ ዕቃ ግዢ አይበልጥም ብዬ አምናለሁ።

ለመጀመር ፈቃድም ላያስፈልግ ይችላል። ከመስመሩ ርቃችሁ ቁሙ፤ ማማው ላይ ፈጽሞ አትውጡ። ነፋስ ባለበት ቀን በስልካችሁ ካሜራ አሥር ሙሉ ውዝዋዜ ቅረጹና ጊዜውን ለአሥር አካፍሉ። ንጋት ላይ አንድ ጊዜ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ሌላ ጊዜ።