ጆሮ ጠቢና ጸጉረ ልውጥ

ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ አንድ ቀን ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ይዤ ማስታወሻ ስጽፍ፣ አንድ ወጣት ጓደኛውን በክርኑ ጎሰም አድርጎ «ይሄ ጆሮ ጠቢ ሳይሆን አይቀርም» ሲለው ሰማሁ። ማስረጃው ጸጉረ ልውጥ መሆኔ ብቻ ነበር። ያዳኑኝ የሻይ ቤቱ ባለቤት ናቸው፤ «አገርህ የት ነው ልጄ?» ብለው በግልጽ ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው፤ ወጣቱም ዝም አለ።

እኔ ግን ዝም አልልም። ጆሮ ጠቢ የሰውን ምሥጢር አዳምጦ ለባላጋራው የሚያቀብል ነው። ቋንቋችን ይህን ሰው «ሰሚ» አላለውም፤ «ጠቢ» አለው እንጂ። የሚጠባ ደግሞ የታቀፈ ነው፤ ከደረት ያልተጠጋ አይጠባም። ጸጉረ ልውጥ ግን እንግዳ ማለት ነው፤ እንግድነትም ወንጀል አይደለም። ታዲያ ከሩቅ የመጣውን በቅርብ ሰው ስም የምንጠራው ስለምን ነው?

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያንን እየመራ አርበኛውን ያሳደደው ባንዳ የአገር ልጅ ነበር። የጣልያንን ምሥጢር ለአርበኛው ያወጣ የነበረው የውስጥ አርበኛም እንዲሁ። በቀይ ሽብር ዘመን፣ ሻለቃ መላኩ ተፈራ ጎንደርን በያዘበት ጊዜ፣ የወጣቶቹን ደጅ ለገዳይ ያሳየው ከባሕር ማዶ የመጣ ሰላይ አልነበረም፤ በቀበሌው አብሮ ቡና የጠጣ ሰው ነው።

ስጋቱ ከንቱ ነው አልልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ሲቪሎች ካለቁ በኋላ፣ የአካባቢውን ሰው «አትጠርጥር» ማለት ድፍረት ነው። ይጠርጥር። ግን ሥራን እንጂ መልክንና አነጋገርን አይጠርጥር። በ2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የትግራይ ተወላጆች ታሰሩ፤ እስሩ ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ገልጾ ነበር። ጸጉረ ልውጥን ጆሮ ጠቢ ማለት የሚያደርሰው እዚያ ነው።

ደባርቅ እኮ (ይህን ለደባርቅ ሰው መንገር ያሳፍራል) በጸጉረ ልውጥ የሚኖር ከተማ ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የበቅሎ አከራዩ፣ የአስጎብኚው፣ ጠመንጃ አንጋቹ የስካውቱ እንጀራ ከሩቅ በመጣ ሰው ላይ የቆመ ነው። ዳባት አጠገብ አለምዋጭ ላይ ደግሞ ከጦርነት የሸሹ ኤርትራውያን ስደተኞች እንዲጠለሉ ተደርጓል። ማንም ያላቀፋቸው እነዚህ ሰዎች የሚጠቡት የማንን ጆሮ ነው?