ትኩሳት ሁሉ አንድ አይደለም

የይፋት ቆላ ለምለም ነው፤ ዳሩ ግን ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይነሣበታል። በሸዋ ሮቢት ትኩሳት ሲይዘው፣ ደሙን ሳያስመረምር ከጎረቤት የተረፈ ቴትራሳይክሊን ለምኖ የሚውጥ አይታጣም። እርሱ ተሻለኝ አልተሻለኝ ሲል ወባው ሥራውን ይሠራል።

ቴትራሳይክሊን ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ስለሚመታ የተመሰገነ መድኃኒት ነው። በቅማል የሚተላለፈውን፣ የሚያገረሸውን ትኩሳት ያድናል፤ ቅባቱም ለዓይን ማዝ ይረዳል። ለጉንፋን ግን፣ ምንጩ ቫይረስ ነውና፣ አይፈይድም። ለነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ላለ ሕፃን በዘፈቀደ ቢሰጥ የሕፃኑን ጥርስ ያበልዛል። ከወተት ጋር ቢወሰድ ኃይሉ ይቀንሳል።

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ ከመጠን ያነሰ መድኃኒት ባክቴሪያን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። የፈራውም ደርሷል፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች በዝተዋል።

ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ሆይ! በየቤታችሁ ቃላችሁ ይሰማልና ይህን አስረዱ፤ አስቀድሞ መመርመር፣ ሐኪም ያላዘዘውን አለመዋጥ፣ ያዘዘውንም ተሻለኝ ብሎ አለማቋረጥ ይገባል። የታዘዘው ሁሉ ቢያልቅ ለጎረቤት የሚተርፍ አይኖርም። ቸርነት እህል በማካፈል እንጂ ኪኒን በማካፈል አይደለም።