ፊሽካ የያዘ እጅ ፋሻም ይልመድ

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ወጣቱን በአካልም በመንፈስም ጠንካራ የሚያደርግ ትምህርት መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሩጫ፥ ዝላይና ኳስ ባሉበት ሁሉ መውደቅና መሰበር አይቀርም። ልጁ በወደቀባት በዚያች ደቂቃ ሐኪም ከአጠገቡ የለም፤ ያለው አስተማሪው ብቻ ነው። እንግዲህ አስተማሪው ምን ያውቃል?

አስተማሪው ያልሠለጠነ እንደ ሆነ በቅን ልቡና ተነሥቶ ይጎዳል። የሚነስረውን ልጅ «ቀና በል» ይለዋል፤ ደሙም ወደ ጉሮሮው ይወርዳል። የሚገባው ግን ልጁን ጎንበስ አድርጎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል 10 ደቂቃ ያህል ጨምቆ መያዝ ነው። የተሰበረውን እጅ ያሻል፥ ይስባል፤ አለዚያም ወደ ወጌሻ ይሰደዋል። ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም ሳይደርሰው ቀርቶ እጅ እስከ መቆረጥ መድረሱ በአገራችን ሐኪም ቤቶች የታየ ነገር ነው። ራሱን የተመታውንም ተማሪ «አይዞህ፥ በርታ» ብሎ ወደ ጨዋታው ይመልሰዋል።

ዕውቀት ባለበት ግን ነፍስ ትተርፋለች። ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ዴንማርክና ፊንላንድ በኮፐንሃገን ሲጫወቱ ክርስቲያን ኤሪክሰን ልቡ ቆሞ ሜዳው ላይ ወደቀ። ሐኪሞች ፈጥነው ደረቱን በመጫንና ልቡን በኤሌክትሪክ መሣሪያ በመቀስቀስ አዳኑት፤ ኋላም ወደ ጨዋታ ተመለሰ። መሣሪያው በየትምህርት ቤቱ ባይገኝ እንኳ፥ ራሱን ስቶ ትንፋሹ የቆመውን ሰው ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ሁለት እጅና ልምምድ እንጂ ሌላ ሀብት አይጠይቅም።

የሚያሠለጥን አልታጣም። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። የሚያስፈልገው የሚያስብበት ሰው ነው። ለኳስና ለመረብ ገንዘብ የሚመድብ ሹም ለፋሻና ለሥልጠናም ጥቂት ቢመድብ በጀቱ አይናጋም። ሳይሠለጥን ፊሽካ የሚይዝ አስተማሪ ሊኖር አይገባም፤ የሠለጠነውም እንዳይረሳ በየጊዜው ሊደግመው ይገባል። የዕርዳታውም ሣጥን በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቆልፎበት ሳይሆን በሜዳው ዳር ይገኝ።

ዛሬ በወንበር የተቀመጣችሁ ወጣት ሹማምንት፥ ነገም የምትተኩ ተማሪዎች፥ ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ ለእናንተ አደራ መስጠቱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!