የሙዚቀኛው ጊታርና የቤታችን ችግር



በዚህ ዓምድ ዘወትር የምንወያየው ስለ ሕፃናት አያያዝ፣ ስለ ወር ወጪና ስለ ትዳር ነው። ዛሬ ግን ለብዙዎቻችሁ እንግዳ የሚመስል ነገር አነሣለሁ፤ ስለ አንድ ባለ አምስት ክር ቤዝ ጊታር። «ይህ ደግሞ ከቤተሰብ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አልጠራጠርም። ባሏ፣ ልጇ ወይም ወንድሟ ሙዚቀኛ የሆነ ሴት ግን ነገሩ ቶሎ ይገባታል።

በእኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ታናሽ ወንድሜ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ የምሽት ክበቦች ተዘጉ፤ ሠርጉም ድግሱም ቀረ። የእሱም ገቢ በአንድ ጊዜ ደረቀ። ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የሦስት ወር የቤት ኪራይም ተጠራቀመባቸው። እኔም ታላቅ እኅት ነኝና ገብቼ፣ «ከጥግ የቆመውን ጊታር ሽጠው እንጂ! ልጅ ይበልጣል ወይስ እንጨት?» አልኩት። አልመለሰልኝም። ጊታሩን ከሣጥኑ አውጥቶ በለስላሳ ጨርቅ ወለወለውና መልሶ አስገባው። በማግስቱ ገዢውን ይዤ የመጣሁት እኔው ነበርኩ።

ገንዘቡ የኪራዩን ዕዳ ከፈለ፤ ለአንድ ወር አስቤዛም ተረፈ። በጊዜው ትክክለኛ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ክበቦቹ ተከፍተው ሥራ ሲጠራ ግን የሚጫወትበት መሣሪያ አልነበረውም። ከጓደኛው እየተከራየ መሥራት ጀመረ። ከምሽቱ ክፍያ ላይ የጊታሩ ኪራይ ሲቀነስ የሚተርፈው ለታክሲና ለልጅ ወተት ብቻ ሆነ። ጓደኛው ራሱ ሥራ ባለው ማታ ደግሞ ከነጭራሹ ቤት ይውላል። ሌላ ልግዛ ቢል ዋጋው ከሸጠበት እጅግ ርቆ ጠበቀው።

ለካስ እኔ «እንጨት» ያልኩትን ነገር ምን እንደሆነ አላውቀውም ኖሯል። አንድ ቀን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኩት።

እንደ ነገረኝ ከሆነ የተለመደው ቤዝ ጊታር አራት ክሮች ብቻ አሉት። ቀድሞ ሙዚቀኞች ሰው የሚያህለውን ኮንትራባስ ነበር የሚሸከሙት። አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ግን እ.ኤ.አ. በ1951 በትከሻ የሚንጠለጠል የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ አቀረበ። በ1970ዎቹም ከአራቱ በታች የሚወርድ አምስተኛ ክር የተጨመረባቸው ቤዞች ብቅ አሉ። ከአራቱ ክሮች ዝቅተኛው በአንድ ሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ሲርገበገብ፣ አምስተኛው ወፍራም ክር 31 ጊዜ ያህል ብቻ ይርገበገባል። በጆሮ ከሚሰማው ይልቅ በደረት የሚሰማው ይበዛል።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ወንድሜ የሚያጅባቸው ዘፋኞች ድምፃቸው አንድ አይደለም። አንዷ ዘፈኑን ዝቅ አድርጋ መጀመር ትፈልጋለች። ያን ጊዜ ባለ አራት ክሩ ቤዝ መውረጃ ያጣና ወደ ላይ ይዘላል፤ ሙዚቃውም መሠረቱን እንዳጣ ቤት ይሆናል። ባለ አምስት ክሩ ግን አብሯት ይወርዳል።

«እሺ፣ ይሁን። ታዲያ ሌላ ባለ አምስት ክር መች ጠፋ? የግድ ያኛው ካልሆነ ምን ያስለቅሳል?» አልኩት። የመለሰልኝ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «እትዬ፤ አንቺስ በሰው ምጣድ ስትጋግሪ የመጀመሪያው እንጀራ ያምርልሻል?»

እውነቱን ነው። ምጣዳችን በየት በኩል እንደሚግል፣ መቼ እንደሚከደን እጃችን ያውቀዋል። የአንዱ ጊታር አንገት ሰፊ ነው፣ የሌላው ጠባብ፤ በክሮቹ መካከል ያለው ርቀትና ክብደቱም ይለያያል። ጣት ዓይን ሳያግዘው ቦታውን የሚያገኘው ከዓመታት ልምምድ በኋላ ነው።

ፍቅሩ የእኛ ቤት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊው ፖል ማካርትኒ ገና ወጣት ሳለ እ.ኤ.አ. በ1961 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ የገዛው ባለ አራት ክር ቤዝ በ1972 ለንደን ውስጥ ከመኪና ተሰረቀበት። ሰውየው በዚህ መካከል ያሻውን ሁሉ ጊታር ለመግዛት የሚችል ባለጸጋ ሆኗል። ሆኖም የድሮው ሲፈለግ ኖሮ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ ተገኘና እጁ ገባ።

የወንዶች ጉዳይ ብቻም አይደለም። በሎስ አንጀለስ ትሠራ የነበረችው ካሮል ኬይ እ.ኤ.አ. በ1963 ወደ ቤዝ የዞረችው አንድ ተጫዋች ከቀረጻ በቀረበት ቀን ነበር። እናት ነበረች፤ ቤተሰቧን ያስተዳደረችውም በዚያው በጣቷ ሥራ ነው።

እንግዲህ እኅቶቼ፤ ከእኔ ስህተት የተማርኩትን ልምከራችሁ። ችግር ሲገባ ከቤት ዕቃ ውስጥ እንጀራ የሚያመጣውንና የማያመጣውን አስቀድማችሁ ለዩ። ቡፌውና ቴሌቪዥኑ ቢሸጡ ቤቱ ባዶ ይመስላል እንጂ የነገ ገቢ አይቋረጥም። የሥራ መሣሪያ ሲሸጥ ግን ነገም አብሮ ይሸጣል። የልጅ ሕይወት የሚያሰጋ ችግር ቢመጣ ከሁሉም ልጅ ይቀድማል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ባለቤቱ አምኖበት ይሁን እንጂ እንደ እኔ ገዢ ይዛችሁ አትድረሱበት።

ጊታሩን ከምድጃ አጠገብና ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት አርቁት፤ እንጨቱ ይጣመማል። እናንተ ሙዚቀኞችም የምሽት ገቢያችሁን ከሚስቶቻችሁ አትደብቁ፤ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ስትለማመዱ የጆሮ ማዳመጫ ይኑራችሁ። ከጥግ የቆመው ነገር ቤቱን እንደሚመግብ ያላየች ሚስት «እንጨት» ብትለው አይፈረድባትም።

ባለፈው ጊዜ ወንድሜ በአንድ ሠርግ ላይ ያንን ጊታር በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አየው። ማታ ቤት ሲመጣ፣ «ክሮቹን ለውጧቸዋል፤ ደህና ይዞታል» ብቻ ብሎ ዝም አለ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። እኔም ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ዕቁብ ገብቻለሁ። ዕጣው ሲወጣልኝ ወደ ሰውየው እሄዳለሁ፤ አልሸጥም ካለም ወንድሜ መርጦ ሌላ ይገዛበታል። ይህን ግን ገና አልነገርኩትምና እናንተም አደራ።

ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።