ታዋቂው እጩ ምን አጥቶ ያውቃል?

ቦሌ ለስፖርተኛ የክብር ሰፈር ነው። አሸንፎ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚረግጠው የቦሌን አየር ማረፊያ ነው፤ አበባውም ጭብጨባውም እዚያ ይጀምራል። ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት የሚወስደው ጎዳና በኃይሌ ገብረሥላሴ ስም ይጠራል። ቦሌ መንገድ ላይ ኃይሌ በባለቤቱ ስም የሰየመው ዓለም ሕንፃ ቆሟል። እዚያው ክፍለ ከተማ ውስጥ በ2008 ዓ.ም ግንባታው የተጀመረ፣ ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል የተባለለት ብሔራዊ ስታዲየምም አለ።

አገሪቱ ለጀግና ስፖርተኛዋ አበባ መስጠትና መንገድ መሰየም ታውቅበታለች። የሕዝብ ድምፅ ጠይቆ ፓርላማ የገባ አንድ የኳስ ወይም የሩጫ ኮከብ ጥሩ ቢባል ግን ብዙው ሰው ዝም ይላል። ምርጫ በመጣ ቁጥር "እገሌ ቢወዳደር እኮ ያሸንፋል" የሚለው የሻይ ቤት ወሬ ይነሳል፤ ምርጫው ሲያልፍ ወሬውም አብሮ ያልፋል።

በዚህ ጉዳይ የሚሰሙት ሁለት ድምፆች ናቸው። አንደኛው "ኳስ ተጫዋች ስለ ፖለቲካ ምን ያውቃል?" ይላል። ሁለተኛው "ሕዝብ የሚወደው ሰው ከካድሬ ይሻላል" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ዋናውን ነገር ስተዋል። ፓርላማ የሚገባው ሐኪምም፣ መምህርም፣ ወታደርም ሕግ ማውጣት ሲማር የኖረ አይደለም። መወደድም ውክልና አይደለም። ከታዋቂ እጩ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ ድምፃችንን ከመጠየቁ በፊት ለያዘው አቋም ሲል ምን አጥቶ ያውቃል? አሁንስ ምን ለማጣት ተዘጋጅቷል?

በዓለም ላይ ትልቁ ምሳሌ የላይቤሪያው ጆርጅ ዊሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም ኮከብ ተጫዋች የተባለው ዊሃ በ2005 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በመጀመሪያው ዙር ቀዳሚ ሆነ፤ በሁለተኛው ዙር ግን በኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ተሸነፈ። ትምህርት የለውም ተብሎ ተተቸ፤ ሄዶ ዲግሪ ያዘ። በ2011 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ቀርቦ አልተሳካለትም። በ2014 ለሴኔት ተወዳድሮ የፕሬዚዳንቷን ልጅ አሸነፈ። ፕሬዚዳንት የሆነው በ2017ቱ ምርጫ ነው፤ ከመጀመሪያው ሽንፈት 12 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በስልጣን ዘመኑ የኑሮ ውድነትና የሙስና ወቀሳ በዛበት፤ በ2023 ምርጫ በጆሴፍ ቦአካይ በጠባብ ልዩነት ተሸነፈ። የመጨረሻው ውጤት ይፋ እስኪሆን እንኳ ሳይጠብቅ ደውሎ እንኳን ደስ አለህ አለ።

ዝናው ለመጀመሪያው ዙር በቃው። ቤተ መንግሥት ያስገባው ግን ተሸንፎ መመለስን መልመዱ ነው። ሲወጣም ሕዝብ እንደ ማንኛውም ፖለቲከኛ መዝኖ አወጣው። ጥሩ መሪ ነበር ወይ ለሚለው ላይቤሪያውያን መልስ ሰጥተዋል፤ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው መልሱን መስጠት መቻላቸው ነው።

ተቃራኒውም አለ። የዩክሬኑ አንድሪ ሼቭቼንኮ በ2012 ጫማውን በሰቀለ ማግስት አንድ ፓርቲ ይዞት ለምርጫ ቀረበ፤ ፓርቲው 2 በመቶ ድምፅ እንኳ አላገኘም። የቱርኩ ሀካን ሹኩር በ2011 በገዢው ፓርቲ ዝርዝር ፓርላማ ገባ፤ በ2013 መጨረሻ ከፓርቲው ጋር ተጣልቶ ሲወጣ ጀግናነቱ አብሮት አልቆየም። የእስር ማዘዣ ወጣበት፣ ንብረቱ ተያዘ፣ ኑሮውም አሜሪካ ውስጥ ስደት ሆነ። ፓርቲ ታዋቂ ሰው የሚወደው ፊቱን ነው፤ አፉን ሲከፍት ፍቅሩ ያልቃል።

ወደ አገር ቤት ስንመለስ በቅድሚያ የሚነሳው ስም ይድነቃቸው ተሰማ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ አጥቂ፣ በ1954 ዓ.ም የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ቡድን አሰልጣኝ፣ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። የፓርቲ ውድድር በሌለበት ዘመን ስለኖሩ ለወንበር አልተወዳደሩም። ነገር ግን ከኳስ ሜዳ ወጥቶ እውነተኛ ፖለቲካ የሠራ ኢትዮጵያዊ ካለ እሳቸው ናቸው። ኳስ የጀመሩት ጣሊያን አዲስ አበባን ይዞ ጨዋታውን እንኳ በዘር በከፈለበት ዘመን ነው። ቆይቶ የፊፋው ፕሬዚዳንት ስታንሊ ራውስ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ወደ ማኅበሩ ለመመለስ ሲሠሩ፣ ፊት ለፊት ከተቃወሙት አፍሪካውያን ግንባር ቀደሙ ይድነቃቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ከፊፋ ተባረረች። የሚያውቁትን ጉዳይ ይዘው ከኃይለኛ ጋር ተጋጩ፣ እስከ መጨረሻውም አልለቀቁም።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ደግሞ በሐምሌ 2005 ዓ.ም በቀጣዩ ምርጫ ለፓርላማ መወዳደር እንደሚፈልግ ለዓለም አስታወቀ። ምርጫው በ2007 ሲደርስ ግን በእጩዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ብዙ ሰው "ፈራ" ብሎ አለፈው። ቁጥሩን ያየ ሰው ግን እንዲህ ለመፍረድ አይቸኩልም። በ2002 ምርጫ ከ547 ወንበሮች 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። በ2007 ደግሞ 547ቱም። በአንድ ምርጫ ክልል አንደኛ የወጣ ብቻ በሚያልፍበት ሥርዓት፣ ከገዢው ግንባር ዝርዝር ውጭ የቆመ ሰው የማራቶን ሪከርድ ቢይዝም የሚሮጥበት መም አልነበረውም።

በ2002 ያመለጡት ሁለት ወንበሮች ታሪክ ራሱ ይገርማል። አንዱን ከአዲስ አበባ የመድረኩ ግርማ ሰይፉ ወሰዱት። ሁለተኛውን በግል ተወዳድረው ያሸነፉት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ናቸው፤ የቀድሞው የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት። ፊፋ በ2000 ዓ.ም ኢትዮጵያን ሲያግድ ከነበረው የፌዴሬሽን ውዝግብ መሀል የነበረው የእሳቸው ፕሬዚዳንትነት ነው። በዚያ ፓርላማ ብቸኛው የግል ተመራጭ ከኳስ አካባቢ የመጣ ሰው መሆኑ አጋጣሚ ብቻ አይመስልም። የስፖርት ፌዴሬሽን ሰው ድምፅ መቁጠርን፣ ጉባኤ መጥራትን፣ ተጣልቶ መቆምን ተለማምዶ ነው የሚመጣው። ያ ልምምድ ደግሞ ሜዳ ላይ ከቆመው ተጫዋች ይልቅ ቢሮ ለተቀመጠው ነው የተፈቀደው።

ኃይሌን ግን አገሪቱ ሥራ አላሳጣችውም። በ1999 ዓ.ም የቅንጅት መሪዎች ከእስር ሲፈቱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። በ2009 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ የሥራ ዘመኑ ሳያልቅ በ2011 በፈቃዱ ለቀቀ። እዚህ ላይ የአገራችን ልማድ ይታያል፤ ኮከብን ሽማግሌ እናደርገዋለን እንጂ ተወካይ አናደርገውም። ሽማግሌ በዝግ ቤት ይናገራል፣ በሁሉም ይወደዳል። ተወካይ በአደባባይ እጁን ያወጣል፣ ያን ጊዜ የግማሹ ሕዝብ ፍቅር ይቀዘቅዛል። "የሁላችን" የተባለ ሰው ይህን ኪሳራ መክፈል ይከብደዋል።

መክፈል የቻለም አለ። ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ክንዱን አጣምሮ ዓለም እያየ ተቃውሞውን ገለጸ። ሁለት ዓመት ከአገሩ ውጭ ኖሮ በጥቅምት 2011 በዚያው በቦሌ ተመለሰ። በአቋሙ መስማማት ግዴታ አይደለም። ከዝናው ላይ ከፍሎ የተናገረ መሆኑን ግን ማንም አይክድም።

ለኳስ ተጫዋች ነገሩ ከሯጭም ይከብዳል። ሯጭ በአብዛኛው የሚኖረው ውጭ አገር ባሸነፈው ሽልማት ነው። የፕሪሚየር ሊጉ ተጫዋች ግን ደሞዙን የሚያገኘው፣ ከጥቂት ክለቦች በቀር፣ ከከተማ አስተዳደር ወይም ከመንግሥት ተቋም በጀት ነው። ከንቲባውን ቢተች የተቸው ቀጣሪውን ነው። ክለቦቹም የከተማና የብሔር ስሜት ተሸካሚ ሆነዋል፤ ኅዳር 2010 ወልዲያ ላይ ከመቐለ ከተማ ጋር ሊደረግ የነበረው ጨዋታ ሳይጀመር የሰው ሕይወት የጠፋበትን ቀን ማንም አይረሳም። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ "እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም" የሚል ተጫዋች አውቆ ዝም ያለ ነው፤ ፖለቲካው ማሊያው ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ "ኳስ ተጫዋች ምን ያውቃል?" ለሚለው መልሱ፣ ብዙ ያውቃል ነው። የሕዝብ በጀት ለማን እንደሚፈስ፣ ደሞዝ ለምን ወራት እንደሚዘገይ፣ የቡድን አውቶቡስ በየትኛው መንገድ ማለፍ እንደማይችል ከብዙ የምክር ቤት አባል ቀድሞ ያውቃል። ዋልያዎቹ በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ሲረቱ ጨዋታው የኢትዮጵያ "የሜዳዋ" ነበር፤ የተደረገው ግን ማላዊ ሊሎንግዌ ነው፤ የካፍን መስፈርት ያሟላ ስታዲየም አገር ውስጥ ስላልነበረ። የቦሌው ስታዲየም ያን ጊዜ ግንባታ ላይ ነበር። ባለሜዳ ሆኖ እንግዳ አገር መጫወት ምን እንደሆነ ከተጫዋቹ በላይ ማን ይመሰክራል?

እንግዲህ ነገ አንድ የምንወደው ኮከብ በቦሌ ወይም በየካ ምርጫ ጣቢያ በር ላይ ፎቶው ቢለጠፍ፣ ግቦቹን መቁጠር አያስፈልግም፤ እናውቃቸዋለን። ሌላ ጥያቄ አለ። ስለ ስታዲየሙ ገንዘብና ጊዜ በስም ጠርቶ የጠየቀው ማንን ነው? የቡድን ጓደኞቹ ደሞዝ ሲቀር ከጎናቸው ቆሞ ያውቃል? ያቀረበው ፓርቲ የማይስማማበትን ሕግ ቢያመጣ እጁን ያወጣል ወይስ ይሰበስባል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ነው ይላል፤ ለፓርቲው አይልም።

ለእነዚህ መልስ ያለው ከሆነ ሙያው ኳስ መሆኑ አያሳፍረውም፣ አያሳፍረንምም። መልስ ከሌለው ግን ፎቶው ለፓርቲው ጌጥ ነው፤ ጌጥ ለመምረጥ ደግሞ ማንም ፀሐይ ላይ መሰለፍ የለበትም።