በእጥፍ ማስያዝ ያዋጣል ወይ?

አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ ቁማር ለማየት ሞንቴ ካርሎ ድረስ መሄድ ቀርቷል። በላትቪያ አገር፥ በሪጋ ከተማ፥ በካሜራ ፊት የቆመች አጫዋች የሩሌቱን ኳስ ስትለቅ፥ በታች ጋይንት አርብ ገበያ ያለ ወጣት ጸሐፊ፥ ስልኩ መረብ ካገኘ፥ በዚያው ቅጽበት ሊመለከታት ይችላል። አጫዋቿ ሰው በመሆኗና ፈገግ በማለቷ ጨዋታው የታመነ ይመስላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «እኔ ዘዴ አለኝ» የሚል ጓደኛ ነው።

የሚወራላቸው ዘዴዎች ብዙዎች ናቸው፤ ከሁሉ የታወቀው ግን በእጥፍ ማስያዝ ነው። ሰውየው በቀዩ ላይ 10 ብር ያስይዛል። ቢበላ 20 ያደርገዋል፤ ቀጥሎ 40፥ 80፥ 160፥ 320፥ 640። በአንደኛው ዙር ቀይ ከወጣለት የጠፋውን ሁሉ መልሶ 10 ብር ያተርፋል። ነገሩ እንከን የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ሩሌቱ 37 ቁጥሮች አሉት፤ 18ቱ ቀይ፥ 18ቱ ጥቁር፥ አንዱ አረንጓዴ ዜሮ። ስለዚህ ሰባት ጊዜ በተከታታይ መበላት ከ106 ሙከራ አንድ ጊዜ ያህል ይደርሳል። በ105ቱ ሙከራ ዐሥር ዐሥር ብር ቢሰበስብ 1,050 ብር ነው፤ በአንዱ ክፉ ሙከራ የሚያጣው ግን 1,270 ብር። ስምንተኛውን ልሞክር ቢል 1,280 ብር ያስፈልገዋል፤ ያውም ገበታው ከዚህ በላይ አይያዝም የሚል ወሰን ባይኖረው ነው። የዘዴው ክፋት ለጥቂት ምሽቶች መሥራቱ ነው። ልጁ ሒሳብ ያወቀ መስሎት የቤት ኪራዩንና ለገጠር ቤተሰቡ የሚልከውን ብር የሚጨምርበት ያኔ ነው።

በፈረንሳዊው ሊቅ በዳላምቤር ስም የሚጠራው ዘዴ ለስለስ ያለ ነው፤ ሲበሉ አንድ መደብ መጨመር፥ ሲበሉለት አንድ መቀነስ። የፊቦናቺው ደግሞ በ1፥ 1፥ 2፥ 3፥ 5፥ 8 ይወጣል። ሁለቱም ኪሳራውን ያዘገዩታል እንጂ አያስቀሩትም። ምክንያቱም ገበታው ከተያዘው መቶ ብር በአማካይ 2 ብር ከ70 ሳንቲም ይወስዳል፤ በምን ቅደም ተከተል እንደተያዘ አይጠይቅም። በየዙሩ እኩል 10 ብር ብቻ ያስያዘ ሰው በመቶ ዙር በአማካይ 27 ብር ይከስራል። ከሁሉም ያነሰው ይኸው ነው፤ ያስያዘው ድምር ትንሽ ስለሆነ። በባካራ ካርታ በባንኩ ወገን ለያዘ ሰው ኪሳራው ከመቶ አንድ ብር ገደማ ሲሆን፥ «እኩል ይወጣሉ» ላለ ግን ከ14 ብር በላይ ነው።

ውርርድ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጥንቱ በልሃ ልበልሃ ሙግት ተከራካሪዎች በማርና በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። የዚያ ዘመን ተሟጋች ግን የሚወራረደው ቢያንስ በሚያውቀው ነገር ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1905 ዓ.ም. በሞንቴ ካርሎ ጥቁሩ 26 ጊዜ በተከታታይ ሲወጣ፥ ሰዎቹ «አሁንስ ቀዩ ደርሷል» እያሉ ገንዘባቸውን በቀዩ ላይ ይከምሩ ነበር። ኳሷ ግን ያለፈውን አታስታውስም።

ያልታመነበት ተማሪ ያለ ገንዘብ ሊፈትነው ይችላል። ከአርብ ገበያ 18 ቀይና 19 ነጭ ቦሎቄ፥ 127 የበቆሎ ፍሬም ይዞ ይምጣ። ቦሎቄውን በጣሳ አድርጎ፥ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ያውጣ፤ ቀይ ከሆነ በልቷል፥ ነጭ ከሆነ ተበልቷል። የወጣው ተመልሶ ጣሳው ይነቅነቅ። በአንድ በቆሎ ጀምሮ፥ ሲበላ እያጠፈ፥ ለሚቀጥለው ዙር የሚያስይዘው እስኪያጣ ይጫወት። ያተረፈውን ብቻ ሳይሆን በየዙሩ ያስያዘውንም ድምር በወረቀት ይያዝ።